የተበላሸ አሞርዛተር ኪሳራው የማን ነው?

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ የገባ የሞተር ሳይክል አሞርዛተር በሁለተኛው ወር ዘይቱን ሲተፋ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ባለሞተሩ የገዛው ከቸርቻሪው ነውና ወደ ቸርቻሪው ያያል። ቸርቻሪው ዕቃውን የሰጠውን የአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ያስባል። መካኒኩ ደግሞ የብረት መጋዙን አንስቶ «ልክፈተው ወይ?» ይላል።

ብዙውን ጊዜ ክርክሩን የሚቋጨው ይኸው መጋዝ ነው። ይሁንና አሞርዛተሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ ይሁን ወይም በመጋዙ የተፈጠረ ማንም ሊያስረዳ አይችልም። በዚህ ምክንያት ጠግኖ መጠቀምና ዋስትና መጠየቅ ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች አይደሉም፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይዘጋል። ውሳኔው መወሰን ያለበት ዕቃው ከሞተሩ ወርዶ ገና ሳይከፈት ነው። በገበያው የሚታየው ግን ባለሞተሩም ሆነ ነጋዴው ይህንን ውሳኔ በሒሳብ ሳይሆን በንዴት ሲወስኑት ነው።

ለመሆኑ ዕቃው ምንድን ነው? ሾክ አብዞርበር፣ በጋራዥ ቋንቋ አሞርዛተር፣ የተለያየ ሥራ ያላቸው ሁለት ነገሮች በአንድ የታሰሩበት ነው። ውጭው ላይ የሚታየው ሞላ ክብደቱን ይሸከማል። በሞላው መካከል ያለው ሲሊንደር ዘይት የያዘ ሲሆን ዘንጉ ሲገባና ሲወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየሾለከ የሞላውን ንጥረት ያበርዳል፤ ኃይሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱን አግታ የምትይዘው በሲሊንደሩ አፍ ላይ ዘንጉን የታቀፈች ኦይል ሲል የምትባል ላስቲክ ናት። የዕቃው ዕድሜ በዚህች ላስቲክና በዘንጉ ልስላሴ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት የሥራ ሞተሮች ከኋላ ሁለት አሞርዛተር፣ ከፊት ደግሞ ሞላና ዘይት በውስጣቸው የያዙ ሁለት የፎርክ እግሮች አሏቸው።

የጎጃም ደጋ ለዚህች ላስቲክ ርኅራኄ የለውም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚያቀና ሞተረኛ የሚጠብቀው ኮረኮንች ነው። ክረምት ላይ በዘንጉ የሚለጠፈው ጭቃ በመስከረምና በጥቅምት ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ክሮሙን ይፍቃል፤ የተፋቀው ክሮም ደግሞ ላስቲኳን ይቆርጣል። በዚህ ላይ ሁለት ሰው አፈናጦ ጤፍ የሚጭን ሞተር አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ደግሞ በአንድ ጉዞ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ጠዋት በብርድ የወፈረው ዘይት ቆላው ላይ ሲደርስ ይቀጥናል። ጥሩ ዘይት ይህንን ይችለዋል። በርካሹ ዕቃ ውስጥ ያለው ግን ሲቀጥን ውኃ፣ ሲወፍር ሙጫ ይሆናል።

በገበያው ያለው ዕቃ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሞተሩ አምራች ሳጥን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ለሞተር አምራቾቹ አሞርዛተር የሚያቀርቡት ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ በህንድ ኢንዱራንስና ጋብሬል፣ በራሳቸው ስም የሚሸጡት ነው። ሦስተኛው «ይገጥማል» ተብሎ የሚመጣው፣ አምራቹ በቅጡ የማይታወቀውና ነጋዴው ድሮ «ታይዋን» ይለው የነበረው ዕቃ ነው። በሦስተኛው ላይ አንዳንዴ የጋዝ መያዣ የሚመስል ትንሽ ሲሊንደር ተለጥፎ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ችግሩ ሦስቱም በሱቅ መደርደሪያ ላይ «ኦርጂናል» መባላቸው ነው። ቃሉ በመለዋወጫ ንግድ ውስጥ ትርጉሙን ካጣ ቆይቷል። ገዢው ከቃሉ ይልቅ የክፍሉን ቁጥር፣ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለውን ርዝመትና ቀለበቱ የተበየደበትን ቦታ ቢያይ ይሻለዋል። ርዝመቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር የተለየ አሞርዛተር በቦሎን ተጎትቶ ይገባ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን አቋሙ ይቀየራል፣ ዘንጉም አግድም እየተገፋ ሳይቆይ ይጎብጣል።

አሁን ወደ ዋስትናው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት የሰጠ ሕግ ነው። ለሸማቹ ደረሰኝ መስጠትንም በነጋዴው ላይ ግዴታ አድርጓል። አዋጁን እንዲያስፈጽም ተቋቁሞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ለውጥ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ የማያስተውሉት አዋጁ «ሸማች» የሚለው ማንን እንደሆነ ነው። ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው እንጂ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ሃያ ጥንድ አሞርዛተር ያወረደ የደብረ ማርቆስ ቸርቻሪ ሸማች አይደለም። ከታች በኩል ደንበኛው የ15 ቀኑን መብት ይዞ ይመጣበታል፤ ከላይ ወደ ጅምላ ሻጩ ሲዞር ግን በዚያው አዋጅ መከራከር አይችልም። በሞተሩ ሰው እያመላለሰ የሚተዳደረውም ቢሆን «ለግል ፍጆታ ነው የገዛሁት» ሲል ማከራከሩ አይቀርም።

ለቸርቻሪው የሚቀረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በሌላ በኩል ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም የጉድለቱን ዓይነት ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። ካስታወቀ በኋላ ለመክሰስ አንድ ዓመት አለው። የሚመዘነው ዕቃው ለገዢው በተላለፈበት ጊዜ የነበረበት ሁኔታ በመሆኑ፣ በሦስተኛው ወር የጎበጠ ዘንግ ይዞ የሚመጣ ሰው ነገሩ ይከብደዋል። ከተሸጠ በሳምንቱ ያፈሰሰ ኦይል ሲል ግን ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያስ? ሻጭና ገዢ የጉድለት ዋስትናውን በውል ሊያጠብቡት ይችሉ ይሆናል፤ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ ግን በዚህ ሊከለል አይችልም። ደግሞስ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ውል ነው ወይ?

ይህ ሁሉ ሕግ የሚሠራው ግን ወረቀት ሲኖር ነው። በመለዋወጫው ንግድ ዕቃው በስልክ ይታዘዛል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ካርቶኑ በአውቶቡስ ይላካል። ደረሰኝ ሲቆረጥም አንዳንዴ የዕቃው ዓይነት ሳይለይ «ልዩ ልዩ መለዋወጫ» ተብሎ ነው። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ለግብር ቢያገለግልም ለዋስትና ግን የሚረባ አይደለም። ታችም እንዲሁ ነው፤ ባለሞተሩ ገንዘቡን ለመካኒኩ ሰጥቶ መካኒኩ ሲገዛለት ገዢው ማን እንደሆነ ይጠፋል። በመካከል የገባ ደላላም «ኦርጂናል ነው፣ እኔ አለሁ» ቢል ውሉ በሻጭና በገዢ መካከል በመሆኑ ቃሉ ከጨዋታ አያልፍም። ደረሰኙ የዕቃውን ስም፣ የክፍሉን ቁጥርና ብዛቱን ከያዘ፣ ሳጥኑና በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ሲገዛ በስልክ ፎቶ ከተነሣ የማስረጃው ጣጣ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡ ይታይ። ለስሌት ያህል አንድ አሞርዛተር ደብረ ማርቆስ ደርሶ ለቸርቻሪው 1,000 ብር ይወድቅበታል፣ በ1,200 ብር ይሸጠዋል እንበል። ስድስት ሸጠ። ከስድስቱ አንዱ ተመለሰና ገንዘቡን ከፈለ። የቀረው ገቢ 6,000 ብር ነው፤ ያወጣውም 6,000 ብር ነው። ከስድስት አንድ መመለስ፣ የቤት ኪራይና ግብር ገና ሳይነሣ፣ ትርፉን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ገንዘብ በመመለስ ፈንታ በሌላ ቢለውጥ ግን የሸጠበት 7,200 ብር እጁ ላይ ይቀራል፤ ሰባት አሞርዛተር ያስወጣው 7,000 ብር ስለሆነ 200 ብር ይተርፈዋል። ጥቂት ነው፤ ከዜሮ ግን ይሻላል፤ ደንበኛውም አይሄድም። በእርግጥ የተለወጠውም ከዚያው ካርቶን የወጣ ከሆነ ተመልሶ ላለመምጣቱ ዋስትና የለም።

የብር ዋጋ ሲወድቅ ስሌቱ ይገለበጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንደዚያ ባለ ወቅት ከዋጋው ለውጥ በፊት በ1,200 ብር ለሸጠ ነጋዴ ገንዘቡን መመለስ ይቀለዋል፤ ምትኩን ከገበያ የሚያመጣው 1,000 ብር በሚለው ዋጋ አይደለምና። ባለሞተሩ በአንጻሩ ብሩን ሳይሆን ዕቃውን መጠየቅ ይበጀዋል። ሕጉ ሁለቱንም አማራጭ አስቀምጧል፤ የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው የሳምንቱ ገበያ ነው።

ከጅምላ ሻጩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ግን ከሁለቱም ይሻላል። ከሃያ አንዱ ይመለሳል ተብሎ ቢገመት፣ አንዱን በ1,000 ብር መለወጥ በእያንዳንዱ ላይ 50 ብር ያህል ይጨምራል። ጅምላ ሻጩ ይህንን ወጪ ከቻለ መልካም፤ ካልቻለ ቸርቻሪው ከመግዣው ላይ ቅናሽ ጠይቆ አደጋውን ራሱ ይሸከም። ሁለት ዋጋ አድርጎ፣ ዋስትና ያለውንና የሌለውን ለይቶ መሸጥም ይቻላል። ዋስትና አለ የሚለውም ለስንት ቀን እንደሆነና ምን እንደሚሸፍን በደረሰኙ ጀርባ ቢጽፍ ነገር አይበዛበትም። በውጭ አገርም አሞርዛተር አምራቾች በልማዳቸው የሚሸፍኑት የአሠራር ጉድለትን ነው፤ ከአቅም በላይ በተጫነና ባልተፈቀደለት ሰው በተከፈተ ዕቃ ላይ ኃላፊነት አይወስዱም።

ርቀቱንም መርሳት አይገባም። የተበላሸ አንድ አሞርዛተር ወደ አዲስ አበባ መላክ የጭነት ሒሳብና የስልክ ጭቅጭቅ አለው፤ ስለዚህ አስተዋይ ቸርቻሪ የተመለሱትን አከማችቶ በሚቀጥለው ግዢ ይዞ መሄድን ይመርጣል። ማስታወቁ ግን እስከዚያ መቆየት የለበትም፤ በዕለቱ በጽሑፍ መልእክት ከፎቶ ጋር ይላክ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተፈጠረው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ እንደታየው ዕቃ በሚቆምበት ጊዜ ቀኑን የሚያድነው መልእክቱ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሁለት ምስክር ባለበት ይያዝ።

ዋስትናው ያለፈበት ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረው ዕቃ ሲሆን ጥያቄው ወደ ጥገና ይዞራል። እዚህ ላይ የፊቱንና የኋላውን መለየት ያስፈልጋል። የፊት ፎርክ እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ነው። ዘይት ካፈሰሰ ኦይል ሲሉንና የአቧራ መከላከያውን በጥንድ ለውጦ፣ በሁለቱ እግሮች እኩል ዘይት ሞልቶ መግጠም በየትኛውም ጨዋ ጋራዥ የሚሠራ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዘይቱ ነው። የፎርክ ዘይት ጠፋ ተብሎ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ይጨመርና ፎርኩ በብርድ ጠዋት እንደ እንጨት ይደርቃል። የተቃጠለ ዘይት የሚጨምርም አለ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ አዲሱን ላስቲክ ይበላዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ላስቲክ መርዝ ነው።

የኋላው በአብዛኛው ፋብሪካው አፉን አጥፎ የዘጋው ነው። መካኒኩ በመጋዝ ቆርጦ፣ ላስቲክ ለውጦና ዘይት ሞልቶ መልሶ ሲበይደው «እንደ አዲስ» ይሆናል ይባላል። እውነት የሚሆነው ዘንጉ ቀጥ ያለና ክሮሙ ያልተፋቀ ሲሆን ነው። ጥፍር በዘንጉ ላይ ሲያልፍ ከያዘው አዲሷ ላስቲክ ሳምንት አትቆይም። የጎበጠ ዘንግ በቶርኖ ቤት ቢቃና ክሮሙ ይሰነጠቃል፤ አዲስ ዘንግ ቢወጣለትም ክሮም ካልተነከረ ላስቲኳን ይበላታል። ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላውን ደግሞ ጋዙ ሳይወጣ በመጋዝም ሆነ በእሳት መንካት ሰው የሚገድል ነገር ነው። የማያውቅ ሰው አይንካው።

የቀለበቱ ጎሚኒ ብቻ አልቆ ኳ ኳ የሚልም አለ። ይህ የላስቲክ ዋጋ ብቻ ነው። ባለሞተሩ ድምፁን ሰምቶ «አሞርዛተሩ ሞቷል» ሲባል አምኖ አዲስ ጥንድ መግዛቱ የሚያሳዝን ወጪ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞተሩን ከኋላ በክብደት ተጭኖ ሲለቁት አንዴ ተነሥቶ ከቆመ አሞርዛተሩ በሕይወት አለ፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከዘለለ ዘይቱ ወይም ውስጡ አልቋል።

እንደገና ለስሌት ያህል፣ ርካሹ ጥንድ 2,400 ብር ተገዝቶ አምስት ወር ቢያገለግል በወር 480 ብር ያስወጣል። ጥሩው 6,000 ብር ተገዝቶ 20 ወር ቢቆይ በወር 300 ብር ነው። ዘንጉ ጤነኛ የሆነውን ጥንድ በ600 ብር አስጠግኖ አራት ወር መጠቀም ደግሞ በወር 150 ብር ይወድቃል። በዚህ ሒሳብ መጠገን ይቀድማል፣ ጥሩውን መግዛት ይከተላል፣ ርካሹ መጨረሻ ይሆናል። የገበያው ሰልፍ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ምክንያቱም 6,000 ብር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ሞተረኛ ጥቂት ነው። ይህ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የገንዘብ ማነስ ነው፤ ቸርቻሪዎችም ጥሩውን ዕቃ በሁለትና በሦስት ክፍያ ለሚያውቁት ደንበኛ ቢሰጡ ርካሹን በመመለስ የሚያጡትን ያህል የሚያጡ አይመስልም። ሞተሩን በሦስት ወር ውስጥ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ርካሹን ቢገዛ ግን ማንም ሊፈርድበት አይችልም። የሚጠነቀቀው ቀጣዩ ገዢ ነው።

አንዱን ብቻ መለወጥም ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው። አዲሱና አሮጌው እኩል ስለማይሠሩ ጭነቱ በአዲሱ ላይ ያርፋል፣ ሞተሩም በመታጠፊያ ላይ ያወላግዳል። ዋስትና ያለው ጥንድ ሆኖ አንዱ ብቻ ቢያፈስ ሁለቱም እንዲለወጡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጅምላ ሻጩ አንዱን ብቻ እለውጣለሁ ካለ ቢያንስ ከዚያው ካርቶን፣ ያው ቁጥር ያለበት ይሁን። በሞላው ሥር ያለው የማጥበቂያ ደረጃም በሁለቱ በኩል እኩል መሆን አለበት።

የሞተ ዕቃ እንኳ ዋጋ አለው። የጥሩ ፋብሪካ አሞርዛተር ውስጡ ቢያልቅም ሞላውና ቀጥ ያለው ዘንጉ ለሌላው ጥገና ስለሚሆን ባለሞተሩ አዲስ ሲያስገጥም አሮጌውን ጋራዥ ትቶ ባይሄድ ይመረጣል። ወይ ለመካኒኩ በዋጋ ይሸጥለት፣ ወይም ከጥገናው ሒሳብ ላይ ያስቀንስበት።